በቴሌክስ የተላከ እግር

እትዬ ሸዋረገድ ቃል አታባክንም ነበር። ጠዋት ቢሮ ስትገባ «ደህና?» ብላ ትቀመጣለች፤ የልጁን፣ የከብቱን፣ የጎረቤቱን ደህንነት መጠየቅ ለእኛ ለወሬኞቹ የተተወ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ደቂቃው በዋጋ በሚቆጠር ቴሌክስ ላይ ተቀምጣ ሌላ ምን ትሁን? «አንቺ ገበያነሽ፣ ያንቺ ወሬ በቴሌክስ ቢላክ ፋብሪካው ይዘጋ ነበር» ትለኛለች። እኔ እዚያው ክፍል ታይፒስት ነበርኩ። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ከእናቴ ፊት ይልቅ የእሷን አይቻለሁ ብል አልዋሸሁም።

ፋብሪካችን ነፋስ ስልክ ነበር፤ ብርድ ልብስ እንሠራለን። እሷም የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ የጥንቱ የሬዲዮ ጣቢያ ዘበኛ ስለነበሩ፣ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በእነሱ ቤት በኩል ይመስላት ነበር። «ድሮ መልእክት በነፋስ ነበር የሚሄደው፤ እኔ ነኝ ወደ ሽቦ ያወረድኩት» ትላለች። ስትፎክር ብቻ ለቃል አትሳሳም።

ቴሌክስ ያላየ ሰው ካለ፣ የታይፕ መኪናና ስልክ ተጋብተው የወለዱት ነገር ነው። እዚህ የተመታው ፊደል ወዲያውኑ እዚህም፣ አሥመራ ባለው መኪናም ጥቅልል ወረቀት ላይ ይታተማል። እዚያ ባለው እህት ፋብሪካ ቴሌክሱ ላይ የምትቀመጠው ጸሐይወርቅ የምትባል ሴት ነበረች። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ አንዷ የሌላዋን ድምፅ እንኳ አልሰማችም። ግን የክሩና የቀለሙ ትእዛዝ ሲያልቅ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፉ፣ ሁለት ሦስት መስመር የራሳቸውን ይጨምራሉ። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ በርበሬው ደረሰ ወይ። «ስትናደድ ፊደል ትደጋግማለች፤ ስታዝን ቶሎ ደህና ዋይ ትላለች» ትለኝ ነበር እትዬ ሸዋረገድ። አብረው ያደጉ ያህል ነበር የምታውቃት።

በሰባ አምስት ዓ.ም. የገና በዓል እንዳለፈ ገዲሴ ወደ ቢሯችን መጣች። ገዲሴ የላፍቶው ገበሬ የአቶ ሮበሌ ልጅ ናት፤ ፋብሪካው ውስጥ የብርድ ልብስ ጠርዝ ትሰፋለች። ግራ እግሯ ሲፈጥራት ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። በጨርቅ ጠቅልላ፣ በሰፊ የወንድ ጫማ ሸፍና፣ በጎኑ እየረገጠች ትሄዳለች። ያን እግር ከእናቷ በቀር ባዶውን ያየው ሰው አልነበረም። አሁን የፋብሪካው ሹፌር ነገሪ ሊያገባት ለጥር መጨረሻ ቀን ተቆርጧል።

«እትዬ ሸዋ፣ አክስቶቼ ሚዜዎቹ አዝለው ያውጧት እያሉ ነው» አለች።

«ሙሽራ መታዘል ወግ አይደል እንዴ?» አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ሌላዋን ለወግ ነው የሚያዝሏት። እኔን ግን ለምን እንደሚያዝሉኝ ሰርገኛው ሁሉ ያውቃል። ከአባቴ ደጅ በእግሬ መውጣት ነው የምፈልገው።»

እትዬ ሸዋረገድ ዞር ብላ አሥመራን ጠራች። የጸሐይወርቅ አባት ለተጎዳ እግር ጫማ በመሥራት የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። መልሳቸው በማግስቱ መጣ። ርዝመትና ስፋት በቁጥር ቢነገራቸው አይበቃም፤ ቁጥር ለደህና እግር ነው። ይህንን በልኩ ተስሎ ማየት አለባቸው። ጫማው ካለቀ፣ የአሥመራ ተወካዮች ለስብሰባ በአውሮፕላን ሲመጡ ይዘውት ይመጣሉ። ያን ጊዜ ስብሰባ ጠፍቶ አያውቅም፤ ይኸው አንድ ቀን ለቁም ነገር ሊውል ነው። ችግሩ፣ ሥዕሉ በፖስታ እስኪደርስ ሰርጉ ያልፋል። ቴሌክስ ደግሞ ፊደል እንጂ ሥዕል አይወስድም።

«በቃ ይቅር» አለች ገዲሴ።

እትዬ ሸዋረገድ መልእክት የምታዘጋጅበትን ቢጫ የወረቀት ጥብጣብ አንስታ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው። ጥብጣቡ ከዳር እስከ ዳር በትናንሽ ቀዳዳ የተበሳ ነው። «ይህች መኪና ፊደል የምታውቅ ይመስልሻል?» አለችኝ። «የምታውቀው ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳ የለም፤ ይኸው ነው። አለና የለም ተደርድረው ፊደል ከሆኑ፣ ፊደል ተደርድሮ እግር የማይሆነው ለምንድን ነው?»

በሩን ዘጋን። አንድ ሙሉ ወረቀት በኦ ፊደል ብቻ፣ መስመር በመስመር ሞላችና መሬት ላይ አነጠፈችው። ገዲሴ ጨርቁን ስትፈታ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲዞር ብቻ ነው የሰማሁት። «የማን እንደሆነ ከእኔ አፍ አይወጣም» ስትል እትዬ ሸዋረገድ ማለችላት። ከዚያ ቁጭ ብላ በጥብጣቡ ላይ እንደገና መታችው፤ እርሳሱ በከበበው ውስጥ ያለው ኦ ሁሉ ኤክስ ሆነ፣ ውጭ ያለው ኦ ቀረ። በየመስመሩ መጨረሻ የኤክሶቹን ብዛት ጨመረችበት፤ መንገድ ላይ አንድ ፊደል ቢበላሽ ጸሐይወርቅ ቆጥራ ትደርስበታለች። ሁለቱ መኪኖች አንድ ዓይነት ስለሆኑ የፊደሉም የመስመሩም ርቀት እኩል ነው። ስለዚህ አሥመራ ላይ የሚወጣው እግር ሳይጨምር ሳይቀንስ የገዲሴ እግር ይሆናል ማለት ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጥብጣቡን አስገብታ መላክ ጀመረች። ጣቶቹ ሄዱ፣ መሀሉ ሄደ። ወደ ተረከዙ ሲቃረብ በሩ ተከፈተና ጓድ ቸኮል ገባ። ጓድ ቸኮል የፋብሪካችን ካድሬ ነው፤ ካኪው ሁልጊዜ እንደተተኮሰ፣ ግንባሩ ሁልጊዜ እንደተቋጠረ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ የሚታተመውን አይቶ።

«መልእክት።»

«ወዴት?»

«አሥመራ።»

«አቁሚው!»

አቆመችው። በዚያ ዘመን ወደ አሥመራ የምስጢር ጽሑፍ ላከች መባል ምን ይዞ እንደሚመጣ ልንገራችሁ? ጓድ ቸኮል ጥቅልሉን ስቦ መስመሮቹን በጣቱ ተከተለ፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ሲያይ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት።

«ኮድ ነው!»

«እግር ነው» አለች እትዬ ሸዋረገድ።

«የምን እግር?»

«የሰው።»

«የማን?»

እኔ አፌን ስከፍት በዓይኗ ዘጋችው።

«ሴትዮ፣ በነፍስሽ አትጫወቺ። የማን ነው?»

«አልናገርም፣ ጓድ። ምያለሁ።»

ጓድ ቸኮል የስልኩን መነጋገሪያ አነሳ። እኔ ደግሞ ውኃ ላምጣ ብዬ ወጣሁና ወደ ስፌት ክፍል በረርኩ። የማለችው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። ለገዲሴ «እትዬ ሸዋን ሊወስዷት ነው፤ ስምሽን አልናገርም ብላ» አልኳት። ገዲሴ የያዘችውን ብርድ ልብስ አስቀመጠች።

ስትገባ ማንንም አላናገረችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ የወንዱን ጫማ አወለቀች፣ ጨርቁን ዙር በዙር ፈታች። ከዚያ ጥቅልሉን ከጓድ ቸኮል እጅ ወስዳ መሬት ላይ ዘረጋችና እግሯን አሳረፈችበት። ጣቶቿ በኤክሶቹ ላይ ልክክ አሉ፤ ተረከዟ ግን ገና ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ላይ አረፈ። ጓድ ቸኮል አየ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እንደዚያን ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም።

«ለጫማ ነው» አለች ገዲሴ። «የቀረው ተረከዙ ነው።»

ሰውየው መነጋገሪያውን ቀስ ብሎ መለሰ። ካድሬ ነውና እንዲሁ አይወጣም፤ ብዕሩን አውጥቶ ጥቅልሉ ጠርዝ ላይ «እግር መሆኑን በአካል ተገኝቼ አረጋግጫለሁ» ብሎ ጽፎ ፈረመበት። በሩ ላይ ሲደርስ፣ ሳይዞር፣ «ተረከዙን ላኩት እንጂ» አለን።

ላክነው። ጸሐይወርቅ እግሩን በመቀስ ቆርጣ ካርቶን ላይ ለጥፋ ለአባቷ እንደሰጠች ጻፈች፤ ሽማግሌውም ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ ዳበሱት አሉ። ጫማው ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው በተወካዮቹ ሻንጣ መጣ። ጥቁር ነው፣ ጎኑ ከፍ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ የበግ ቆዳ።

የሰርጉ ቀን የአቶ ሮበሌ ግቢ ሰው በሰው ሆኗል። ሚዜዎቹ በሩ ላይ ጀርባቸውን አዘጋጅተው ቆመዋል። ገዲሴ ወጣች፣ በትህትና አለፈቻቸው፣ በግቢው መሀል በእግሯ ሄደች። ትንሽ ታነክስ ነበር፤ ግን መሬቱን የረገጠችው በውስጥ እግሯ ነው። እልልታው ዘግይቶ ነው የመጣው፤ አክስቶቿ አፋቸውን ከፍተው ረስተውት ነበር። አቶ ሮበሌ አለቀሱ። እትዬ ሸዋረገድም አለቀሰች፤ ሳያት «አቧራ ነው» አለች።

ሰኞ ጠዋት አሥመራን ጠርታ አንድ መስመር ብቻ ላከች፦ «በእግሯ ወጣች።»

መልስ ቆየ። ከዚያ መኪናው ኦ ማተም ጀመረ፤ ኦ፣ ኦ፣ ኦ፣ በመሀል ኤክስ። ደግሞ የማንን እግር ነው የምትልክልን ብዬ ሄጄ ቆምኩ። እግር አልነበረም። አምስት ጣቶች ወጡ፣ ከዚያ መዳፍ፣ ከዚያ አንጓ። ከሥሩ «የእኔ ነው፤ ያንቺንም ላኪልኝ» ይላል።

እትዬ ሸዋረገድ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘርግታ ጣት በጣት ገጠመችው። «ጣቶቿ ረዣዥም ናቸው» አለች። የጠዋቱ የክር ትእዛዝ እየጠበቃት፣ እሷ እጇን አላነሳችም።

ሁለቱ ሳይተያዩ ዓመታት አለፉ፣ መስመሩም ተቋረጠ። ዛሬ ጡረታ ወጥታለች፤ መካኒሳ ቤቷ ስሄድ፣ ጎረቤቶቿ ስለ አሥመራዋ ጓደኛዋ ሲጠይቋት እሰማለሁ። አይተሻት ታውቂያለሽ ይሏታል።

«አላየኋትም» ትላለች። «እጇን ግን ጨብጫለሁ።»