ለሚስቴ ያልተረጎምኩላት

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ሀርጌሳ ውስጥ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ተቀምጬ ከኢትዮጵያ የሚመጡትን ሹፌሮች አማርኛ ወደ ሶማሊኛ፣ የእዚህ አገር ሰዎችን ሶማሊኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። በዚህ ሥራ አንድ ኩራት ነበረኝ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ሹፌር ሲሳደብ ስድቡን ሳይቀር ነው የማደርሰው። አለቃዬ "ይቺን እንኳ ብትዘላት ምናለበት?" ሲለኝ "መዝለል ከፈለግክ ሌላ ሰው ቅጠር" ብዬው አውቃለሁ። ቁጡ ነኝ፤ እውነት ሲነካብኝ ደግሞ የባሰ ቁጡ ነኝ ብዬ አምን ነበር። አሁን የምጽፈው ግን ከማንም ይልቅ እውነቱን ማወቅ ለሚገባት ሰው ስለዋሸሁት ውሸት ነው።

የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ ያደግኩትና የተማርኩት ግን ድሬዳዋ። ባለቤቴ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ድሬዳዋ ተገናኝተን፣ ኒካህ አስረን፣ ወደ ሀርጌሳ ይዣት ስመጣ ከሶማሊኛ የምታውቀው ሰላምታና "ስንት ነው?" ማለትን ብቻ ነበር። አንዲት ኢትዮጵያዊት በከፈተችው የውበት ሳሎን ፀጉር መሥራት ጀመረች። እዚያ ወሬው ሁሉ በአማርኛ ስለሆነ ቋንቋውን ለመልመድ አልቸኮለችም። ከሳሎኑ ውጭ ያለው ከተማ በሙሉ የሚደርሳት በእኔ አፍ በኩል ነበር። ይህ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ያኔ የምንኖረው ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር ነበር። ውኃው በአህያ ጋሪ ይመጣል፣ ከጋሪው እስከ በራችን ደግሞ በጀሪካን ነው። የመጀመሪያውን ልጃችንን እርግዝናዋ ሦስተኛ ወር ውስጥ እንደገባ አጣነው። ከሁለት ቀን በፊት ጀሪካን ተሸክማ ስትገባ በዓይኔ አይቻታለሁ። ስለዚህ ደሙ ሲመጣ ምክንያት ፍለጋ አልደከምኩም። እሷ ሆዷን ይዛ ጎንበስ ብላ ስታለቅስ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ነግሬሽ ነበር" የሚል ነበር።

አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ የከተማው ሴት ናቸው። በአልትራሳውንድ አይተው ማህፀኗ ራሱን እንዳጸዳ ካረጋገጡ በኋላ ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉና በሶማሊኛ ተናገሩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ማስታወስ ሥራዬ ነው።

"እህቴ፣ ይህ አንቺ ባደረግሽው ነገር የመጣ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወርድ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ገና ከመነሻው ሳይስተካከል የቀረ ነው። ከእናትና ከአባት የሚወርሰው ነገር ሲገጣጠም አንዳንዴ ይሳሳታል። ዕቃ በማንሳት፣ ሥራ በመሥራት፣ በመደንገጥ አይመጣም። ራስሽን እንዳትወቅሺ።"

ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ባለቤቴም እንባዋን ሳትጠርግ አፌን አፌን ታየኛለች። እኔም "ከባድ ነገር አታንሺ ነው የሚሉሽ" አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አንደኛ ነገር አላመንኳቸውም። ሐዘንተኛ ለማጽናናት የሚባል ነገር ነው አልኩ። ከዚህ የከፋው ግን ሌላው ነው፤ የማንም ጥፋት ካልሆነ እኔ የማስተካክለው ነገር የለም ማለት ነው። ጥፋት ካለ ይታረማል፤ ጀሪካኑን እኔ እሸከማለሁ፣ ልጁ ይወለዳል። ጀሪካን ላይ መናደድ ይቻላል። በዓይን በማይታይ፣ በትክክል ባልተገጣጠመ ነገር ላይ ሰው እንዴት አድርጎ ይናደዳል? እሷ "እሺ" ብላ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ እጇ ልጇን እንዳጠፋች እያሰበች ኖረች፤ እንዲያ እንድታስብ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ቤት ቀየርን። መሐመድ ሞጌ በሚባል ሰፈር ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴትዮ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየን። ግቢው የውኃ ታንከር አለው፤ ከቧንቧው መቅዳት ብቻ ነው። ባለቤቴ አከራያችንን "ኤዶ" ትላቸው ጀመር፤ እዚህ በዕድሜ ለገፋች ሴት የሚባል ነው፣ አክስቴ እንደማለት። ኤዶ ከሶማሊኛ ሌላ አንድ ቃል አያውቁም። ሁለቱ ሲግባቡ የማየው በእጅ ምልክትና በሳቅ ነበር፤ ከዚያ የሚያልፍ አልመሰለኝም።

ሁለተኛው ፅንስ ጀሪካን በሌለበት ቤት፣ ገና ሁለት ወሩ ላይ ወረደ። የምናደድበት ሌላ ነገር መፈለግ ነበረብኝ፤ ብዙ አልፈለግኩም። ወደ ሳሎኑ የምትመላለስበት ባጃጅና ያ ኮረኮንች መንገድ ነበሩ።

ሐኪሟ በዚህኛው ቀን ብዙ ጠየቁ። ዕድሜዋን፣ በቤተሰቧ የስኳር በሽታ እንዳለ፣ ትኩሳት ይዟት እንደነበር፣ የወሰደችው መድኃኒት ካለ፣ ጫት ትቅም እንደሆነ። እስከዚህ ድረስ በትክክል አስተረጎምኩ። ቀጥለው "ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ?" አሉ። እኔ ከሰዓት በኋላ ጫቴን ይዤ ስቀመጥ በአንድ ፓኬት የማልመለስ ሰው ነኝ፤ ያውም መስኮቱ በተዘጋ ክፍል፣ እሷን አጠገቤ አስቀምጬ። ጥያቄውን ለእሷ ሳላደርስ በራሴ አፍ "የለም" አልኩ። ሐኪሟ ጻፉት።

ከዚያ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ እንዲህ አሉ፤ "የእናት ዕድሜ መግፋት፣ ሳይታወቅ የቆየ ስኳር፣ የዕጢ መታወክ፣ ጭስ፣ እነዚህ አደጋውን ይጨምራሉ። ሁለት ጊዜ መሆኑ ግን አሁንም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። አላህ አይበለውና ሦስተኛ ከደገመ ሌላ እርግዝና ሳይመጣ ቶሎ ኑ። ያኔ መንስኤውን በምርመራ መፈለግ አለብን።"

ይህችን ነገር ዋጥኳት። "ሦስተኛ" የሚለውን ቃል በአፌ ካወጣሁት የምጠራው መሰለኝ። እኛ ቤት ክፉ ነገር በስሙ አይጠራም፤ እናቴ ካንሰሯን "ያ በሽታ" እንዳለች ነው የሞተችው። በገዛ ሚስቴ ላይ አላሟርትም አልኩ። "ምን አሉ?" ስትለኝ "ባጃጁ ይቅርብሽ፣ ቤት ዕረፊ ነው የሚሉት" አልኳት። አሁንም "እሺ" አለች።

ሥራዋን አስተውኳት። ከሳሎኑ ጋር ጓደኞቿም ቀሩ፤ እቤት ሊጠይቋት ሲመጡ ፊቴን ስላጠቆርኩባቸው መምጣቱን ተዉት። ልብስ ማጠብ ቀረ። ገበያ መውጣት ቀረ። ተንከባካቢ ባል የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፣ ለቢሮ ሰዎችም እንደዚያ እያልኩ አወራለሁ። ከሥራ ስመለስ ግን እንዴት ዋልሽ አልላትም። "ምን አነሳሽ? የት ወጣሽ?" ነው የምላት። እሷ ቀኑን የምታሳልፈው ግቢውን ተሻግራ ከኤዶ ጋር ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ኖርን።

ከዚያ እንደገና አረገዘች። ስድስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ አስተኛኋት፤ ለሽንት ቤት ካልሆነ አትነሳም፣ ሶላቷን እንኳ ተቀምጣ ነው የምትሰግደው። በየቀኑ ስወጣና ስገባ አንሶላውን አያለሁ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ለባብሼ ልወጣ ስል "ቆይ" አለችኝ። ድምፅዋን ስሰማ አወቅኩት።

ዙሪያዬን አየሁ። ጀሪካን የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ሥራ የለም። የምናደድበት አንድም ነገር አልነበረም። እግሯን ትራስ ላይ ከፍ አደረግኩላት፣ ወዲያው መልሼ አወረድኩት፣ ያ አላህ ያ አላህ እያልኩ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አቅም አጥቼ አላውቅም። ኤዶ ገብተው አለበሷትና ደግፈው ባጃጅ ውስጥ አስገቡልኝ። መንገዱን ሙሉ ሻሿን እንደነከሰች ነበር።

ሐኪሟ አልትራሳውንዱን ብዙ ጊዜ ወስደው አዩ። የልብ ምት አልነበረም። "ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉና ካርዷን ገለጡ።

"ሦስተኛ ነው አይደል?" ብለው ጠየቁኝ።

"አዎ፣ ሦስተኛ" አልኩ።

"አራተኛ ነው" አለች ባለቤቴ።

የተናገረችው በሶማሊኛ ነው። ጥርት ባለ የሀርጌሳ ሶማሊኛ፤ አነጋገሩ ራሱ የኤዶ ነው። ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። መቼ እንደሆነ ሲጠይቋት "ከሁለተኛው በኋላ፣ እሱ ለሥራ ድንበር ላይ ወጃሌ ሄዶ ሳምንት የቆየ ጊዜ" አለቻቸው። "ኤዶ ነበሩ የያዙኝ።"

"ሦስተኛ ከሆነ ቶሎ ኑ ብዬ አልነበረም?"

"ለእኔ አልተነገረኝም።"

ሐኪሟ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የወለሉን ንጣፍ አያለሁ። ያኔ አውቀው ቢሆን ኖሮ ከዚህ እርግዝና በፊት ምርመራውን ያዝዙ እንደነበር ነገሯት። ልጁ ይተርፍ ነበር ብሎ ግን ማንም ሊምል እንደማይችል ጨምረው ነገሯት። ከዚህ በኋላ ባለቤቴ መጠየቅ ጀመረች። እኔ በመካከላቸው ቁጭ ብዬ፣ የማስተረጉመው ነገር አጥቼ፣ እሰማለሁ።

"ጀሪካን ማንሳቴስ?"

"አይደለም።"

"ባጃጁስ?"

"አይደለም።"

"ቀኑን ሙሉ ቆሜ ፀጉር ስሠራ የምውለውስ?"

"አይደለም፣ እህቴ።"

"ሁለተኛው ከመውረዱ በፊት አንድ ቀን ከእሱ ጋር ተጣልቼ በጣም አልቅሼ ነበር። እሱስ?"

"እሱም አይደለም።"

ከዚያ "የሲጋራ ጭስስ?" አለች። ሐኪሟ ካርዱን እያዩ "እሱ አደጋውን ሊጨምር ይችላል፤ በዚያ ነው የሆነው ብዬ ግን ልፈርድ አልችልም። ደግሞ ቤታችሁ የሚያጨስ የለም ተብሎ ነው የተጻፈው" አሉ። "አለ" አለች። ሐኪሟ የጻፉትን ሰርዘው አስተካከሉ።

ለስኳር፣ ለደም መርጋት፣ ለታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ደሟን ሰጠች። ውጤቱን ስንሰማ አሥር ቀን አልፎ ነበር። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ አንገቷ ላይ ያለችው ዕጢ ብቻ ሥራዋን በሚገባ አትሠራም። ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አሉ ሐኪሟ። ለዚህ ግን መድኃኒት አለው፤ በየጠዋቱ ምግብ ሳይቀመስ የምትዋጥ አንዲት ትንሽ ክኒን። ይህን ሁሉ የነገሩት ለእሷ ነው። ወደ እኔ ፊታቸውን አላዞሩም፤ እኔም ብሆን አላዞርም ነበር።

ሲጋራውን ትቻለሁ፤ ይህን ለመወደስ አይደለም የምጽፈው። መስኮቱም ተከፍቷል፤ እሷ ግን ከሰዓት በኋላ አጠገቤ አትቀመጥም። አትቆጣኝም፣ አትሰድበኝም፣ ምግቤን ታቀርባለች። ብትጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አንድ ቀን ኤዶን ቀርቤ ስለዚያ ስላላወቅኩት ልጅ ጠየቅኳቸው። ግቢው ጥግ፣ ከታንከሩ ሥር፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው እንደቀበሩት ነገሩኝ። እዚያ ቧንቧ ላይ ያን ሁሉ ጊዜ በየጠዋቱ ፊቴን እየታጠብኩ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስታበጥር አገኘኋት። ይቅር በይኝ ልላት ነበር ስገባ። አፌ ግን የለመደውን ጥያቄ አስቀደመ።

"ስለዚያኛው ልጅ ለምን አልነገርሽኝም?"

ማበጠሪያውን አስቀምጣ አየችኝ። ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር።

"ለአንዱ እንኳ ላለቅስለት ብዬ ነዋ" አለችኝ። "አንተ ሰምተህ ቢሆን መልስ ስሰጥህ ነበር የምከርመው።"

ሻሿን አስራ ወደ ኤዶ ቤት ሄደች።