በጉ ብቻውን የመጣበት አረፋ

እናቴ በየዓመቱ በአረፋ ከሰዓት በኋላ፣ ሥጋው ተበልቶ እንግዳ ሲቀንስ፣ የልጅ ልጆቿን ሰብስባ አንድ ተረት ታወራ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ከጨፋ ሮቢት ገበያ የተገዛውን የአረፋ በግ እየጎተተች ስትመጣ ገመዱ ያመልጣታል። በጉ ወደ ቦርከና ወንዝ ይሮጣል። ልጅቷ ስታለቅስ ታድራለች። በበዓሉ ጠዋት በሩ ሲከፈት በጉ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እዚህ ላይ ስትደርስ ልጆቹ ሁሉ እንደ በግ ይጮኻሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ ጠና ያለ ሕመም ታመመች። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ፣ “ያቺ ልጅ እኔ ነኝ” አለችኝ። “ገመዱን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። በጉን ልትይዝ የሮጠችው ግን ታናሽ እህቴ ናት። ወንዙ ሞልቶ ነበር። በጉ በማግስቱ ብቻውን መጣ።”

እጄን ያዘችኝና፣ “ለማንም እንዳትነግሪ፤ ወላሂ በይ” አለችኝ።

“ወላሂ” አልኩ።

እናቴ አልሐምዱሊላህ ዳነች። እኔ ግን ነገሩ ከበደኝ። አንድ ቀን አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ስደውል አለቀስኩና ነገርኩት። ልጇ ነው፣ ቢያውቅ ምን አለበት ብዬ ነው። “በእኔና በአንቺ ይቅር” አለኝ።

ወንድሜ ፊልም ይሠራል። ባለፈው ዓመት ለአረፋ ሲመጣ አጭር ፊልም ይዞ መጣ።

“የእማዬን ተረት ነው የሠራሁት። ሁላችንም አብረን እንየው” አለ።

“ለልጆች ይሆናል?” አልኩት።

“የበዓል ተረት እኮ ነው!”

ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደረደሩ፤ እናቴ መሐል ተቀመጠች። መጀመሪያ በጉ ሲታይ ጮኹ፣ ሳቁ። ቀጥሎ ሁለት እህትማማቾች ታዩ። በእናቴ ተረት ግን ልጅቷ አንድ ናት። ጎርፉ መጣ። የልጅቷ ሻሽ ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ የስድስት ዓመቷ ልጄ ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገች። መጨረሻ ላይ በጉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እንደ በግ የጮኸ ልጅ ግን አልነበረም።

“አያቴ፣ ልጅቷስ መቼ ነው የምትመጣው?” አለች ልጄ።

እናቴ “ኩን ማሊ?” አለች በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ። ይህ ምንድነው ማለቷ ነው። ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል። ስትናገር ግን ወንድሜን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነበር።

ወንድሜ ሊያስረዳ ሞከረ። “እማዬ፣ ልጆች ዛሬ በስልክ ከዚህ የባሰ ያያሉ። እውነቱን ማወቅ አለባቸው። እኔ ስሠራው እያለቀስኩ ነው የሠራሁት።”

“እውነቱን አጥቼው መሰለህ እንዲያ የማወራላቸው?” አለችው። “እኔ ሳድግ አረፋ ቤታችን ለቅሶ ነበር። ልጆቼ በአረፋ እንዲስቁ ብዬ ነው ተረቱን ያበጀሁት።” ተነሥታ ጎረቤት ሄደች።

ወንድሜን ጓዳ አስገብቼ፣ “በእኔና በአንቺ ይቅር ብለኸኝ አልነበረም?” አልኩት።

“ስም እኮ አልጠራሁም” አለ። ሰው ሁሉ እንደወደደለት ነገረኝ። ለካ ከመምጣቱ በፊት ኢንተርኔት ላይ ለቆታል። በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ፤ ግን ወላሂ ብዬ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ምን አፍ አለኝ?

እናቴ እሱን በሳምንቱ ይቅር አለችው፤ ደውሎ አለቀሰላትና መረቀችው። እኔን አልተቆጣችኝም። የወሰድኩላትን ትበላለች፣ ልጄን ታጫውታለች፣ ስለ ገበያው ታወራኛለች። ተረቱን ግን ዘንድሮ አላወራችም፤ ልጆቹም አልጠየቋትም።

ባለፈው ወር ደረቷን አሟት ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር። የሰማሁት ከጎረቤቷ ነው፣ ያውም ከተሻላት በኋላ። “ለምን አልነገርሽኝም?” ብላት፣ “ምንም አይደል፣ ቀላል ነው” አለችኝና ወሬ ቀየረች።