አያ ደሴ ጥለውት የመጡት መውጫ

ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ነጥቶ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ የሚጥልበት። አያታችሁ ከሞቱ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፤ ወላጆቻችሁም ከተማ ገብተው ነበር። በቤቴ ድምፅ ያላቸው ሁለት በጎቼ ብቻ ነበሩ። ነብሩ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ወሰዳቸው።

በእኛ ጎጥ ነብር ሲያስቸግር ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል። ግማሹ ከላይ ጥሩምባ እየነፋ ገደሉን ያስሳል፤ ግማሹ ከታች ነብሩ የሚያመልጥበትን መውጫ መውጫውን ይዞ ይጠብቃል። መውጫውን ጥሎ የሄደ፣ ዓመት ሙሉ በጎጡ ስብሰባ አፍ አይከፍትም። ነብሩ የሚያዘወትረው፣ ውኃው የሚወርድበት መውጫ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ድሮ ለድኻና ለባልቴት ይሰጥ ነበር። «በዕጣ ይሁን!» ብዬ የተሟገትኩ እኔ ነኝ። ስንደዶ ተቆረጠ፤ አጭሩን የመዘዝኩትም እኔው ሆንኩ።

«እሰይ! የራሷ ዕጣ ያዛት» ብለው ሳቁ። ጎረቤቴ አያ ደሴ ግን አልሳቁም።

«እታለም፣ እንለዋወጥ። የእኔ ሜዳ ላይ ነው።»

«ለራሴ ሲደርስ ላፈርሰው ነው እንዴ? ይሂዱ ወደ ቦታዎ!»

«አይ፣ ድርቅ ያልሽ ሴት!» አሉና ሄዱ።

የባሌን ጦር ይዤ ቆምኩ። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ከጥቂት ክንድ በላይ አላሳይ አለ። ጭቃው ላይ ዱካ አየሁ፤ ክብ፣ ጥፍር የማይታይበት። ጅብ ቢሆን ጥፍሩ ይታይ ነበር። ውኃ ገና እየሞላው ነው፤ አሁን ያለፈ ነው ማለት ነው። ቀና ስል ከራሴ በላይ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ያየኛል። የጅራቱ ጫፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አልጮህኩም። የጦሩን እግር ድንጋይ ሥር ተከልኩ።

ከኋላዬ የሰው ሳል ሰማሁ። የአያ ደሴ ሳል! አዝነውልኝ መውጫቸውን ጥለው መጥተዋል። ነብሩ ወደ ሳሉ ዘለለ፤ ትከሻቸውን ይዞ ጣላቸው። ጎኑን ወጋሁት። ጦሩ ተሰበረ፤ እሱም ማንም ወዳልነበረበት ወደ እሳቸው መውጫ ሸመጠጠ።

አያ ደሴ ንፋስ መውጫ ከተማ ሐኪም ቤት ሰንብተው ተረፉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ዳግም እርፍ አልጨበጠም። እንደተመለሱ ጎጡ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ፤

«ደሴ መውጫውን ጥሎ ነው የመጣው፣ ወይስ ነብሩን ተከትሎ?»

ከእኔ በቀር ያየ የለም። «ተከትለው ነው» ብል ያልፍ ነበር።

«ጥለው ነው» አልኩ። «ባይመጡ ግን እኔ ዛሬ የለሁም። ይህንንም ስሙ!»

ሁለተኛውን ማንም አልሰማኝም። ተቀጡ።

በአጨዳ ማጭዴን ይዤ ገብሳቸው ውስጥ ገባሁ። አልከለከሉኝም፤ ሰላምም አላሉኝም። ቅጣቱ ካለቀ ቆይቷል፤ እኔ ግን በየዓመቱ አጭዳለሁ።

ልጆቼ፣ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። የተማርኩት ሌላ ነው፤ ከስብሰባው በፊት ቤታቸው ሄጄ፣ ዓይናቸውን እያየሁ «እንዲህ ልል ነው» ልላቸው ይገባኝ ነበር። የጦሩን ስባሪ ለቤቴ በር መወርወሪያ አድርጌዋለሁ። ጉም በወረደ ጠዋት ሳላቸውን ከአጥሬ ማዶ ስሰማ፣ መወርወሪያውን ስቤ በሩን እከፍታለሁ። ሳይገቡ ያልፋሉ። እስኪርቁ ከፍቼ እቆማለሁ።