ለሃያ ሰባት ቁጥር የተሰጠ ማክሰኞ

«ግንቦት? ዊልማ፣ ግንቦት ነው ያልሽኝ? በግንቦት እዚህ ዱሉት ውስጥ ቤዝቦል የሚያየው ማነው፣ የሐይቅ ወፍ ነው? ነሐሴ ቅዳሜ። አባቴም ነሐሴ ቅዳሜ፣ እኔም ነሐሴ ቅዳሜ።»

ይሄ ብሬት ነው፣ የሄሮንስ ቡድን ባለቤት። ዱሉት የአሜሪካ ሰሜን ጫፍ ናት፤ ግንቦት ገና ብርድ ነው፣ በጋው ነሐሴ ነው። ሲያወራ አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ ቃሉን እንደ ማስቲካ ሁለት ሁለቴ ያላምጠዋል። አባቱ ሲሞት ቡድኑን ወረሰ፤ ከቡድኑ ጋር ዊልማ ሶቦትካንም የወረሰ መስሎታል።

«አለቃ፣ ነሐሴ ዝናብ አለ» አለችው።

«ግንቦት በረዶ አለ።»

«በረዶ ይጠረጋል።»

ዊልማ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው። የድሮ ተጫዋች ሲከበር የማሊያው ቁጥር ሜዳው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ቁጥር ማንም አይለብሰውም። የሚሰቀልበትን ቀን የምትመርጠው እሷ ናት። ቀላል ይመስላል አይደል? ቅዳሜ መሆን አለበት፣ ሙቀት መሆን አለበት። እንግዳው ቡድን ሰውየው በጉብዝናው ዘመን ሲሰድበው የነበረ ቢሆን ይመረጣል፤ የድሮ ጠላት ሲያጨበጭብ ደስ ይላላ። ለልጆች አሻንጉሊት በሚታደልበት ቀን ግን አይሆንም፤ ሕዝቡ አሻንጉሊቱን ይዞ እብስ ነው።

ቀኑን ስትይዝ ደግሞ በእርሳስ ነው፣ ቁጥሩን ብቻ። ስም አትጽፍም። ቀኑ በሰላም እስኪያልፍ ስም የሚባል ነገር ካላንደሩ ላይ የለም።

ይሄ አመል የመጣው ከሌስተር ነው። ለሌስተር፣ ለዘጠኝ ቁጥር፣ ጥሩ እንግዳ ቡድን ይምጣ ብላ መስከረምን ሰጠችው፤ ስሙንም አሳምራ በእስክሪብቶ ጻፈች። አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ሞተ፤ ጠዋት በማለዳ በስልክ ነው የሰማችው። ሚስቱ ማሊያውን ታቅፋ ሜዳው መሃል ቆመች። ማይክ ሲሰጧት ቀና ብላ የዊልማን መስኮት ብቻ አየች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ስልክ ከጮኸ ዊልማ መጀመሪያ ካላንደሩን ታያለች፣ ከዚያ ነው የምታነሳው።

ዘንድሮ ተራው የክላይድ ነው፣ የሃያ ሰባት ቁጥር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ነሐሴ ቅዳሜ ተይዞላቸው ነበር፤ እስከ መጋቢት። በመጋቢት ሚስታቸው ኦፓል ደወሉ፣ ከጀርባ ቧንቧ ይንሿሿል።

«ዊልማዬ፣ ውሃ ከፍቼ ነው የማወራሽ፣ እንዳይሰማኝ። ነሐሴን አያይም ብሎኛል ሐኪሙ። ክላይድ እንደሆነ ‹ለእኔ እንዳትነግረኝ፣ ለእሷ ንገራት፣ እኔ ቀን አልቆጥርም› ብሎታል። ከአፍሽ እንዳይወጣ፣ አደራ።»

ለብሬት እውነቱን ነግሮ ቀኑን ማስቀየር አይቻልም። ለብሬት የተነገረ ነገር ምሳ ሳይደርስ ሬዲዮ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወንበር ቀለም፣ ስለ ርችት ስትዋሽ ሰነበተች። በመጨረሻ ሰለቸው።

«እሺ፣ ማክሰኞ ውሰጂ፣ የግንቦት ማክሰኞ። ነሐሴን ለርችት አደርገዋለሁ። ወንበር ባዶ ቢሆን በአንቺ።»

በደስታ እየበረረች ደብዳቤውን ጻፈች፣ አሸገች፣ ራሷ ወርዳ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ክዳኑ ጠቅ ሲል ነው ነገሩ የገባት።

ኳስ የተጫወተ ሰው ይሄን አያጣውም፤ ለጤነኛ ነሐሴ ቅዳሜ ነው የሚሰጠው። ከሌስተር በኋላ ዊልማ የሁለት በሽተኞችን ቁጥር በብርድ ወር ሰቅላለች፣ የዋሊንና የሌላ አንድ ሰው፤ ሁለቱም በጋውን አላዩም። በሁለቱም ቀን ክላይድ አጠገባቸው ቆመው አጨብጭበዋል። እና አሁን መርዶውን በራሷ እጅ ቴምብር ለጥፋ ላከችላቸው።

እጇን ሳጥኑ ቀዳዳ ውስጥ እስከ ክርኗ አስገባች። አልደረሰችበትም።

አራት ቀን ስልኩን እንደ እባብ አየችው። በአምስተኛው፣ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ጮኸ።

«ዊልማ» አሉ ክላይድ። ድምፃቸው ወንበር እንደሚጎትት ሰው ዝግ ያለ ነው። «ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ማክሰኞ ይላል።»

«አዎ፣ ጋሽ ክላይድ።»

«ግንቦት።»

«አለቃው ነው እኮ። ነሐሴን ለርችት…»

«ለዋሊም ሚያዝያ ነበር የሰጣችሁት። በብርድ ልብስ ጠቅልለን አወጣነው። ያኔም ርችት ነበር?»

ከስልኩ ወዲያ ውሃ ይንሿሿል።

«ኦፓል ናት» አሉ። «ከመጋቢት ጀምሮ ሳህን ስታጥብ ነው የምትውለው። ያለን ሳህን ደግሞ አራት ነው። ስሚኝ፣ ማወቄን እንዳትነግሪያት። እሷን የሚያስፈራት የእኔ ማወቅ ነው።»

«እሺ።»

«ወፍራም ካልሲ አድርጌ እመጣለሁ። ግን ቢዘንብስ? ጨዋታው ቢቀርስ? ቀጥሎ ያለው ቀን መቼ ነው?»

ዊልማ ካላንደሩን አየች። ከማክሰኞ በኋላ ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። የሚመለሰው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አስቀምጣ ማንሳት አቃታት።

«አይዘንብም፣ ጋሽ ክላይድ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እሱን አልጠየቅኩሽም።»

አሁን ስድስት ቀን ቀርቷል። ዊልማ ሥራ ትታ መስኮቱ ጋ ቆማለች፤ ይሄን ሁሉ ያወራችልኝም እዚያው ቆማ፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ነው። ሬዲዮው ማክሰኞ ደመና ነው ብሏል፤ ዘጋችው፣ መልሳ ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው። ከሐይቁ ማዶ አንድ ጥቁር ነገር አለ፣ ደመና ይሁን መርከብ አይለይም። ስልኩ አንዴ ጮኾ የቋሊማ ነጋዴ ሆነ፤ ሰውየው ሰላም ስላላት ብቻ ሰደበችው።

ከዚያ ዞር ስትል ዓይኗ እዚህ እኔ የምጽፍበት ወረቀት ላይ ወደቀ።

«ምንድነው እሱ? እስክሪብቶ ነው?»

ቀረብ ብላ አየች።

«ስሙን? ስሙን ከነቀኑ? አንቺ ሴትዮ፣ ስነግርሽ አልነበር እንዴ። ተይው በቃ፣ አትጻፊ።»