የራውል ቀበቶ

ቨርን ሃስኬት ለሆሊውድ ፊልሞች መኪና ሲገለብጥ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ፊቱን ያየ ተመልካች ግን የለም፤ ከተገለበጠው መኪና አቧራውን እያራገፈ የሚወጣው ሁልጊዜ መልከ መልካሙ ተዋናይ ነበር። በተዋናዮቹ ቀንቶ አያውቅም። የቀናው በራውል ነው።

ራውልን መኪና ማዝለል ያስተማረው ራሱ ነበር። በዚያ ሰኞ ረፋድ ግን፣ ከላንካስተር ከተማ ወጣ ባለው በረሃ፣ ደረቁን ወንዝ በመኪና የመዝለሉ ሥራ ለራውል ተሰጠ። ለቨርን የተረፈው ከሰዓት በኋላ የፖሊስ መኪና መንዳት ነበር።

በእነሱ ሙያ የሚዘል ሾፌር የመቀመጫ ቀበቶውን በመጨረሻ ራሱ አያጠብቅም፤ ከባልደረቦቹ የሚያምነውን ይጠራል።

«ሽማግሌው፣ ና እሰረኝ!» አለ ራውል።

«ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ሰውማ ሞልቷል። እንዳንተ የሚነጫነጭ ነው የጠፋው።»

ቨርን ጎንበስ ሲል የራውልን ቀበቶ በግራ ትከሻው በኩል ተጣምሞ አየው። ሌላ ማንም አላየውም። እንዲህ ታስሮ የዘለለ ሰው ሲያርፍ አንገቱ አይተርፍም። ቨርን ደግሞ ጠዋት ቁርሱን ሲበላ «ምነው ዝላዩ በከሸፈበት» ብሎ ተመኝቶ ነበር። አሁን ምኞቱ እጁ ላይ ሲመጣ ደነገጠ። ቀበቶውን ፈትቶ አቃናና ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው።

«ኧረ አንቀህ ልትገድለኝ ነው!»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

መኪናው ወንዙን ተሻግሮ በአራት ጎማው አረፈ። ሁሉም እያፏጨ ወደ ራውል ሮጠ። ቨርን ካለበት ሳይነቃነቅ ፈጣሪውን አመሰገነ። ራውል ያረፈው ልክ እሱ እንዳስተማረው ስለነበር ግን ቅናቱ ባሰበት።