ትርፍ የመሰለው ገንዘብ

ሥራ የጀመርኩት መካኒሳ ውስጥ፣ ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው። የቢሮው ባለቤት ጋሽ ለማ ፈቃድ ያላቸው የሂሳብ ባለሙያ ነበሩ። የአካባቢውን ነጋዴዎች ሂሳብ ይሠራሉ፣ ግብራቸውን ያሳውቃሉ። ዲፕሎማዬን በክላሰር ይዤ ቀረብኩ። አላዩትም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ዘረገፉና “የወፍጮ ቤቱ ነው። በየወሩ ለዪልኝ” አሉኝ።

ግማሹን ለይቼ ስጨርስ ጽሑፋቸው የጠፋ ወረቀቶች አገኘሁ። ምን እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። “የማሽን ደረሰኝ ሲከርም ይለቃል። እንደደረሰሽ ፎቶ ኮፒ አንሺው። ገቢዎች ባዶ ወረቀት አይቀበልም” አሉ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የዚያን ዓመት ግብር ሲከፍል በነዚያ ነጫጭ ወረቀቶች ምክንያት ካወጣው ወጪ ብዙው አልተያዘለትም። ሰውየው ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረሰኝ እንደገባ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ።

ጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛ ተብዬ ገብቼ፣ ሂሳብ ሠራተኛ ሆንኩ፣ በኋላም የጋሽ ለማ ምክትል። የእኛ የሂሳብ ዓመት የሚያልቀው ሰኔ ሠላሳ ነው። በዚያ ሰሞን ከሱቅ ሱቅ እየዞርን ያልተሸጠ ዕቃ እንቆጥራለን። ሐምሌ ሲገባ ደረጃው ላይ ወረፋ ይሠራል። ትንንሾቹ ነጋዴዎች በሐምሌ፣ ትልልቆቹ እስከ ጥቅምት ድረስ ያሳውቃሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው፤ ይህን ማንም ሊቀይረው አልቻለም።

ሰው ግብሩን ሊያሠራ መጥቶ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ልጄን የግል ትምህርት ቤት ላስገባ? የእህቴን ድርሻ ልግዛት? ሥራችን እንዲህ ቀስ በቀስ ከግብር አልፎ የቤተሰብ ኑሮ ውስጥ ገባ። የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን የተወሰነ ሰሞን ደግሞ የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆነ፤ ዶላር የት ይደርሳል? ጋሽ ለማ በዚያን ጊዜ አርጅተው ቢሮ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነበር። “የት እንደሚደርስ የማውቅ ብሆን እዚህ ፎቅ ላይ ታገኘኝ ነበር?” ብለው ይመልሱ ነበር።

ከደንበኞቼ ሁሉ ያ ጊዜ ሲነሳ ትዝ የሚሉኝ ጋሽ ማርቆስ ናቸው። ጎፋ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። በወጣትነታቸው ከሆሳዕና መጥተው ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት ጀመሩ፤ ከዚያ ወደ ንግዱ ተሻገሩ። ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ የማይሸጡት የለም። ደረሰኝ ሳይቆርጡ ዕቃ አይሰጡም። “ከጌታ የማልደብቀውን ከናንተ ብደብቅ ምን ይጠቅመኛል?” ይሉኛል። ባለቤታቸው አስናቀች አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ከአንዲት ልጃቸው ጋር ሀና ማርያም በኪራይ ቤት ይኖራሉ።

ምንዛሪው ሲለወጥ አስመጪዎች በየሳምንቱ አዲስ ዋጋ ያወጡ ጀመር። ጋሽ ማርቆስ ግን በድሮው ዋጋ የገዙት ዕቃ መጋዘን ሙሉ ነበራቸው። በአዲሱ ዋጋ ሸጡት። ባንክ ያለው ገንዘባቸው ከዚያ በፊት ዓይተውት የማያውቁት መጠን ላይ ደረሰ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ፊታቸው በርቶ መጡ። የቤት ሥዕል ያለበት የሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ።

“እህት ሰናይት፣ ዘንድሮ ጌታ ባረከኝ። እዚሁ ጎፋ፣ ሱቄ አጠገብ አፓርታማ ልገዛ ነው። ቅድመ ክፍያውን አሁን፣ የቀረውን በየሦስት ወሩ።”

“እሰየው። ከየትኛው ገንዘብ ነው የሚከፍሉት?”

“ከትርፉ ነዋ።”

ደስታቸውን ማጥፋት አልፈለግሁም። ግን ሂሳባቸውን የምሠራው እኔ ነኝ። “አንድ ፍሪሲዮን እናንሳ” አልኳቸው። “አምና ገዝተውት ዘንድሮ በእጥፍ ሸጡት። ያንኑ ፍሪሲዮን ዛሬ ከአስመጪው ልተካ ቢሉ ስንት ይሉዎታል?”

“የሸጥኩበትን ያህል። እንዲያውም ይበልጣል።”

“ታዲያ አንድ ፍሪሲዮን ከመደርደሪያው ወጣ፤ ገንዘቡ አንድ ፍሪሲዮን አይመልስም። ትርፉ የታለ?”

እኔ ቀጠልኩ፤ ግብር የሚሰላው ዕቃውን መጀመሪያ ከገዙበት ዋጋ ተነስቶ ስለሆነ በሕጉ ዓይን ብዙ እንዳተረፉ፣ በዚያ ልክ እንደሚጠየቁ ነገርኳቸው። ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ከፍዬ አሳየኋቸው። አንዱ ዕቃ መተኪያ፣ አንዱ ግብር፣ አንዱ የቤታቸው። የቤታቸው ድርሻ ለቅድመ ክፍያው ቀርቶ ለቤት ዕቃ ማጓጓዣው የሚበቃ አይመስልም ነበር።

ጋሽ ማርቆስ ሥዕሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። “አስናቀች ሄዳ አይታዋለች” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ኩሽናውን አይታ መጥታለች።”

“እሷም ትምጣና አብረን እንየው።”

“አንቺ የሱቁን ሂሳብ ሥሪልኝ፣ እህቴ። የቤቴን ነገር ጸልዬበታለሁ።”

ሳይቆጡ፣ እንደ ወትሮው ተሰናብተውኝ ወጡ። በሳምንቱ ቅድመ ክፍያውን ከፈሉ።

ግንቦት ላይ ከሱቃቸው ጎራ አልኩ። ከውጭ ሲታይ መደርደሪያው ሙሉ ነው። አንድ የሚኒባስ ሹፌር መጥቶ የፍሬን ሸራ ጠየቀ። “ነገ ይገባል፤ ለዛሬ ከጎረቤት ውሰድ” አሉት። ሹፌሩ ሲወጣ አንዱን ካርቶን ነካሁት። ወደ ኋላ ሸርተት አለ። ባዶ ነው። የጎኑም ባዶ ነው። ከፊት የተደረደረው ሁሉ ባዶ ካርቶን ነበር። ጋሽ ማርቆስ ሳየው አዩኝ፤ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ አወራን።

ሰኔ ሠላሳ ቆጠራ ስንሠራ “ባዶውን እለፊው” አሉኝ። ቆጠራው ከምሳ በፊት አለቀ። በቀደሙት ዓመታት እስከ ማታ እንቆጥር ነበር።

በዚያው ሐምሌ የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሻለ። ታክሲ ውስጥ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ወሬው እሱ ብቻ ነበር። ጋሽ ማርቆስ ደወሉልኝ። “ግብር ተቀነሰ አይደል? አስናቀች እጇ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ ጨምሯል” አሉኝ። የተቀነሰው የእሷ የደመወዝ ግብር መሆኑን፣ የእሳቸው ያለፈው ዓመት ንግድ ደግሞ በነበረው ሕግ እንደሚሰላ አስረዳኋቸው። አዲሱ ሕግ ለመጪው ዓመት ነው፤ እሱም ቢሆን ነጋዴው ባያተርፍ እንኳ ከሽያጩ ላይ የተወሰነ እንዲከፍል ያዛል። የግብር መግለጫቸውን ጨርሼ ስለነበር የሚከፍሉትን መጠን ነገርኳቸው። “ከየት አምጥቼ ነው?” አሉ። ባንክ የቀራቸው ገንዘብ የግብሩን ግማሽ አይሞላም ነበር። የቤቱ ቀጣይ ክፍያም ደርሷል።

ከሁለት ቀን በኋላ አስናቀች ብቻዋን መጣች። ጃንጥላዋ ውኃ ያንጠባጥባል። መቀመጥ አልፈለገችም።

“ሰናይት፣ ነግረሽው ነበር?”

ይህ በሥራዬ ከተጠየቅኳቸው ሁሉ ከባዱ ጥያቄ ነው። የደንበኛዬን ነገር አሳልፌ መስጠት አልችልም፤ እሷን መዋሸትም አልችልም። “ስለ ሂሳቡ ተነጋግረናል” አልኳት።

“እኔ ዘንድ የደረሰው ‘ሰናይትም ትርፉን አይታዋለች’ ተብሎ ነው።” ያኔ ተቀመጠች። “አትታዘቢኝ። ቤት ያማረኝ ለታይታ አይደለም። አከራይ ኪራይ በጨመረ ቁጥር እንለቃለን፣ ልጄ ትምህርት ቤት ትቀይራለች። አሁን ጓደኛ መያዝ ትታለች። ‘ምን ያደርግልኛል፣ እንሄድ የለ’ ትለኛለች። ኩሽናውን ሳይ እኔ ያየሁት ኩሽና አልነበረም።”

ሻይ አስመጣሁላት። ሳትጠጣው ቀዘቀዘ። ቅዳሜ ከባለቤቷ ጋር እንድትመጣ ተስማማን።

ጋሽ ለማ ያን ሰሞን ቢሮ ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። “የቤቱን ውል አንብበሽዋል?” አላነበብኩትም ነበር። ለአስናቀች ደውዬ አስላክሁትና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ገዢው ውሉን ቢያፈርስ ሻጩ ከተከፈለው ላይ የተወሰነውን አስቀርቶ ቀሪውን በየተራ ይመልሳል ይላል።

ቅዳሜ ሁለቱም መጡ። ጋሽ ማርቆስ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሱም። “ስደቢኝና እንጀምር” አሉ።

“የሱቁ ኪራይ እስከ መቼ ተከፍሏል?” አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። “እስከ መስከረም።”

“አስመጪው በዱቤ የሚሰጥዎት ዕቃ አለ?”

“ካንዴላና ፊልትሮ ይሰጠኛል። ያምነኛል።”

ከዚያ ጀመርን። ያላቸውን ሁሉ ወረቀት ላይ አወረድን። ሁለት መንገድ ብቻ ቀረ። ወይ ሱቁን ዘግቶ ከቀረው ዕቃ በሚገኘው ገንዘብ የቤቱን ክፍያ መቀጠል፣ ወይ ቤቱን ትቶ ሱቁን ማዳን። እኔ ሁለቱንም እስከ ዓመቱ መጨረሻ አሰላሁና ወረቀቱን መሃላቸው አስቀመጥኩ። የቱ ይሻላል አላልኩም።

ጋሽ ማርቆስ “እሷ ትወስን” አሉ።

አስናቀች ወረቀቱን አንስታ ሁለቱንም ስሌት አነበበች። “ሱቁ ከሌለ ቤቱን ማን ይከፍለዋል? ቤቱ ይቅር” አለችና በረንዳ ላይ ወጣች። ወደ መንገዱ እያየች ቆመች። ባለቤቷ ተነሥተው ተከተሏት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲመለሱ ጋሽ ማርቆስ “ለልጄ የምነግራት እኔ ነኝ” አሉ።

የቀረው የቢሮ ሥራ ነው። ውሉ ፈረሰ፤ ሻጩ የሚገባውን አስቀርቶ ቀሪውን በየተራ መለሰ። ያስቀረው ገንዘብ ትንሽ አልነበረም፤ ጋሽ ማርቆስ ስለሱ ሲነሳ እስከ ዛሬ ወሬ ይቀይራሉ። ከመጀመሪያው ተመላሽ ላይ ለገቢዎች ከግብሩ የተወሰነውን ከፍለን የቀረውን ግብር በየወሩ ለመክፈል ስምምነት ፈረምን። ከተረፈው ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን ብቻ ገዛን፤ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ። ባዶዎቹን ካርቶኖች ጋሽ ማርቆስ ራሳቸው አውጥተው ለቆራሌ ሸጧቸው።

አስናቀች ሌላ የባንክ ሂሳብ ከፈተች። በየሳምንቱ ከሽያጩ ላይ የግብሩን ድርሻ ወደዚያ ታዛውራለች። ባልና ሚስት ሁለቱም ሳይፈርሙ ገንዘቡ አይወጣም። ይህን ሐሳብ ያመጡት ጋሽ ማርቆስ ናቸው። ለሀና ማርያሙ አከራይ ደግሞ የሁለት ወር ኪራይ ቀድመው ሰጡና የሁለት ዓመት ውል ተዋዋሉ፤ ወረዳ ሄደውም አስመዘገቡት። የራሳቸው ቤት አይደለም። ልጅቷ ግን እዚያው ትምህርት ቤት ቀረች።

ጋሽ ለማ የተዉልኝን ቢሮ ዘንድሮ ለሁለት ወጣት ባለሙያዎች አስረክቤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እመጣለሁ። በቅርቡ በዚያች ቀን ጋሽ ማርቆስ አንዲት የልብስ ነጋዴ ይዘው መጡ። ጎረቤታቸው ናት። የያዘችው ዕቃ ዋጋው ስለጨመረ በተገኘው ገንዘብ መኪና ልትገዛ አስባለች። ነጋዴዋን ከፊቴ አስቀመጧትና እንዲህ አሏት።

“ስሚያት አልልሽም። እኔም አልሰማኋትም። ብትሄጂም ግን እዚህ መመለሻ አታጪም።”

ነጋዴዋ ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም።

አሁን በወንበሬ ለተቀመጡት ወጣቶች ያስተላለፍኩት ይህንኑ ነው። ምክራችሁን ሳይሰማ የሄደ ሰው ሲመለስ ካለፈው አትጀምሩ። ዛሬ እጁ ላይ ካለው ጀምሩ።