ለትዳር የቀረበችው ልጅ

ገና ሳልሞሸር በአንድ ደላላ የቴሌግራም ቻናል ላይ ለትዳር ቀርቤ ነበር። ፎቶዬን የወሰደው ከፌስቡክ ገጼ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ለጓደኛዬ ሰርግ ሚዜ የሆንኩ ዕለት የተነሳሁት። ከሥሩ «የኩታበር ልጅ፣ ጨዋ፣ ወላጆቿ በሕይወት የሉም፣ ቁም ነገረኛ ባል ትፈልጋለች» ይላል። ይህን ሳነብ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ እቤታችን ነኝ፤ አባቴ በወዲያኛው ክፍል ዜና ከፍቶ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይከራከራል።

ፎቶውን አይቶ የላከልኝ እጮኛዬ ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ኳየር ውስጥ አብረን የዘመርን ሰው። «አንቺ ነሽ የሰጠሻቸው?» ብሎ ጻፈ። አይደለሁም አልኩት። «እንግዲያው እስኪጣራ የጋብቻችን ማስታወቂያ ይቆይ» አለኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተጋቢዎች ከሰርጉ በፊት እሑድ በምእመናን ፊት ይታወጃሉ፤ ያንን አስቆመው። እናቱም ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ መመለስ ጀመሩ። 

ለቻናሉ ባለቤት «ወንድሜ ልጅቷን ወዷታል፣ እኔ ልምጣና ላነጋግርዎ» ብዬ ጻፍኩለት። ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ጭማቂ ቤት ቀጠረኝ። ሻሼን ግንባሬ ድረስ አውርጄ፣ ማስክ አድርጌ ሄድኩ። አባቴ እንደተነጋገርነው ቀድሞኝ ገብቶ ከሰውየው ጀርባ ተቀምጧል።

«ልጅቷን በአካል ያውቋታል?» አልኩት።

«እናቴ ትሙት፣ እንደ እህቴ ናት። ቁመቷ ብቻ ያስደነግጣል» አለኝ። እኔ አጭር ነኝ።

«ወላጆቿስ?»

«አባቷ ሲቀበሩ ኩታበር ድረስ ሄጃለሁ።»

ማስኩን አወረድኩና ፎቶውን ከፊቴ ጎን አቆምኩለት። «ሟቹ ከኋላህ አቮካዶ እየጠጡ ነው። ዞር በልና ነፍስ ይማር በላቸው» አልኩት። አባቴ ማንኪያውን አስቀምጦ እጁን ዘረጋለት። የሰውየው ላብ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ደስ አለኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። የእኔን ፎቶ አስነስቼ በምትኩ የራሱን አስለጠፍኩት፤ ከሥሩም የሰው ፎቶ ሰርቆ መዋሸቱን በገዛ እጁ አስጻፍኩት። ይቅርታ ለመነኝ። አላደረግኩለትም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደሴ ገባ። በማግስቱ እጮኛዬ እየሳቀ መጣና «በቃ፣ ተጣራ እኮ» አለኝ። እናቱም አገላብጠው ሳሙኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር አንዳቸውንም ትዝ አላላቸውም።  እሱም ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥሮ ማስታወቂያውን አስቀጠለ።

እሑድ መጋቢው ስማችንን ጠሩና «በዚህ ጋብቻ ላይ ተቃውሞ ያለው ካለ ይናገር» አሉ። ሁልጊዜም የሚባል ነው፤ ሁልጊዜም ማንም አይናገርም። እጮኛዬ ክራቫቱን ያስተካክላል። እጄን አወጣሁ።

«ማንን ነው የምትቃወሚው እህቴ?» አሉ መጋቢው ግራ ገብቷቸው።

«ሙሽራውን» አልኩ። «ያ ደላላ ሲዋሽብኝ አያውቀኝም ነበር። ይሄኛው ግን እያወቀኝ አላመነኝም።»